የኋላ ወንበር ቀበቶ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3። ጠዋት 1፡20

ዛሬም ከበረንዳው ሆኜ አየኋቸው። ሰ. መኪናውን አስነሳ። ቀበቶውን ሳበ፣ አሰረ። ኤልዳና ከኋላ ገባች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ ወዲያ ያለው አይታይም። ከአራተኛ ፎቅ ሆኖ የሚታየው የመኪና ጣሪያ ብቻ ነው።

ደብተሬ፣ ስሙን በሙሉ አልጽፍም። ሰ. ማለት አማቼ ነው፣ የልጄ የሂሩት ባል። አንቺ የኤልዳና የአምናው የፊደል ደብተር ነሽ፤ ግማሽሽ ሀ ሁ፣ ግማሽሽ የኔ ነገር። በገጾችሽ መሀል ቀይ ክር አጋድሜአለሁ። ክሩ ከቦታው ከተነሳ ሰው ገልጦሻል ማለት ነው።

የምጠረጥረውን ልንገርሽ። አርብ ዕለት ኤልዳና ከንፈሯ አብጦ መጣች። ሰ. ት/ቤት ዥዋዥዌ ላይ ወደቀች አለ። ሂሩትም ያንኑ ደገመች። ቃል በቃል! ሁለት ሰው አንድን ነገር በአንድ ቃል ከተናገረ ተለማምዶታል። ደግሞስ ከዥዋዥዌ የወደቀ ልጅ ጉልበቱ ይላጣል፣ መዳፉ ይቧጨራል። የኤልዳና ጉልበት ደህና ነው። የተመታው አፏ ብቻ።

አፍ ብቻ የሚመታው የት እንደሆነ አውቃለሁ። ሃያ ምናምን ዓመት የመኪና ወንበር ልብስ ሰፍቻለሁ። ተጋጭቶ የመጣ ስንቱን ወንበር ገፍፌአለሁ። አንድ ጊዜ ከፊተኛው ወንበር ጀርባ፣ በልጅ ፊት ቁመት ልክ፣ የጥርስ ምልክት አግኝቻለሁ። ባለቤቱን ምን ሆኖ ነው ብዬ አልጠየቅሁትም። እስከዛሬ ግን አልረሳሁትም።

ማታ 1፡40

ራት ላይ ጠየቅሁት። በጨዋታ መልክ። ልጅቷ ከኋላ ስትሆን ቀበቶ ታስራለች ወይ? አዎ እማማ አለ። ዓይኑ ግን ሽሮው ላይ ነው። ሽሮ እንዲህ ተተክሎ አይታይም። ሂሩት ወዲያው ወሬ ቀየረች፤ ውሃ ነገ ትመጣ ይሆን አለች። ኤልዳና እኔን አየች፣ አባቷን አየች፣ ዝም አለች። ይቺ ልጅ ዝም የምትለው ስትተኛ ብቻ ነው።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ። እጠረጥራለሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4። ከቀኑ 6፡00፣ ሱቅ

ሱቃችን ያለበት ሰፈር፣ ጠመንጃ ያዥ፣ ዛሬ አቧራ ብቻ ነው። በራችን ላይ ሚኒባስ ቆሞ ረዳቱ ሜክሲኮ ሜክሲኮ ይላል፤ ጆሮዬ ደከመ። ዘሃራ የአንድ ፒክአፕ ወንበር እየሰፋች ነው። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ የወሎ ልጅ ናት፣ ሳቂታ፣ እጇ ፈጣን። ጥርጣሬዬን ነገርኳት። እትዬ ሙሉ፣ አንቺኮ ጥላሽንም ከየት መጣህ ሳትይው አታልፊም አለችኝ። ሳቀችብኝ።

ከዚያ ደግሞ እናት አቅፋ ለያዘችው ልጅ ቀበቶ ምን ያደርግለታል አለች። ተናደድኩ። መኪና ሲሮጥ ያለው ሁሉ አብሮ ነው የሚሮጠው፤ መኪናው ድንገት ሲቆም ልጁ አይቆምም። የአምስት ዓመት ልጅ በእጅ የሚያዝ ከመሰላት ያን የስፖንጅ ጥቅል ልወርውርባትና ትያዘው። አንዲት የሕፃናት ነርስ ደንበኛችን ስታስረዳ እሷም ነበረች፤ ቀበቶ አጥንት ላይ ነው የሚያርፈው፣ ላዩ ትከሻ ላይ እንጂ አንገት ላይ አይደለም፣ ታቹ ዳሌ ላይ እንጂ ሆድ ላይ አይደለም። ለትንሽ ልጅ ደግሞ ከፍ የሚያደርገው የልጅ ወንበር ያስፈልገዋል። ዘሃራ ሰምታ ረስታለች። እኔ አልረሳሁም።

ማስረጃ እፈልጋለሁ። የልብስ ሰፊ ነጭ ጠመኔ አለኝ። የኤልዳና ሹራብ ጥቁር ሰማያዊ ነው። የኋላውን ቀበቶ ጠመኔ እቀባዋለሁ። ካሰረች ሹራቧ ይነጣል። ካላሰረች አይነጣም።

ማታ 12፡30

ተሳካ። ነጠላዬን መኪና ውስጥ ረሳሁ ብዬ ቁልፍ ተቀብዬ ወረድኩ። ነጠላው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ። የኋላውን በር ከፈትኩ፤ ቀበቶው ከጎን እንደተንጠለጠለ ነው። ከላይ እስከ ታች ጠመኔ አሸሁበት። ዘበኛው ምን ጠፋብዎት ብሎ መጣ። ነጠላዬ አልኩና ፈጥኜ ዘጋሁ።

ወንበሩ ላይ የተፈረፈረ ቢስኩት አየሁ። ሌላው ጥሩ ነው፤ ሌዘሩ ያበራል። መኪናዋን ሲገዙ ያበረከትኩላቸው እሱን ነው። ቡናማ፣ በቀይ ክር ድርብ ስፌት። የኋላውን እንደ ሶፋ ለጥ አድርጌ፣ የሚቆረቁር ነገር ሳይኖርበት። ያየ ሁሉ የማን ሥራ ነው ይላል። ሰ. ራሱ ያን ቀን ጉልበቴን ሊስም ነበር። ይሄ ሰው ነው የሚዋሸኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5። ከሰዓት 10፡15

ሹራቡ ንጹሕ። ብርሃን ላይ ወስጄ አገላብጬ አየሁት። አንዲት ነጭ ነጥብ የለችም።

ሊሆን ይችላል፣ ጠመኔው ረግፎ። አንድ ቀን እጨምርለታለሁ። በሰው ላይ ፈጥኖ መፍረድ ጥሩ አይደለም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 6። ማታ 12፡00

ጨመርኩለት። ሹራቡ ዛሬም ንጹሕ። ሰ. መኪናውን ሲያቆም በመስኮት አየሁ፤ ጠመኔው ቀበቶው ላይ እንዳለ ነው። ማንም አልነካውም።

ዋሽቶኛል። ሽሮ እያየ ዋሽቶኛል።

ሌላም አለ። መጥረጊያ ፍለጋ መኝታ ቤታቸው ገብቼ አልጋው ሥር ትልቅ ካርቶን አገኘሁ። በብርድ ልብስ ተጠቅልሏል። ካርቶን ብርድ ልብስ የሚለብሰው ምን ሆኖ ነው? ልገልጠው ስል ሂሩት መጣች። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። የቢሮ ዕቃ ነው አለች። ቆይቼ በበሩ ስር ሳልፍ ድምፃቸውን ሰማሁ። ሆን ብዬ አይደለም፤ በሩ ቀጭን ነው። ሂሩት ትላለች፣ እማዬ እንዳትሰማ፣ ትሰበራለች።

ምንድን ነው የምሰበርበት? ሊሸኙኝ ይሆን? ደሴ ወንድሜ ዘንድ ትረፍ ብለው ይሆን? ደብተሬ፣ ዛሬ ሻይ እንኳ አልጠጣሁም።

እሁድ፣ ጥቅምት 9። ከቀኑ 5፡30

ከቤተ ክርስቲያን መልስ። ግቢ ውስጥ መኪና እያጠበ አገኘሁት። የጋቢናውን ቀበቶ እኔ አያለሁ አልኩ። እኔ ሁልጊዜ ጋቢና ነኝ፤ ሰ. በሩን ከፍቶ፣ እጄን ደግፎ ያስገባኛል። ሂሩት እንኳ ከኋላ ናት። ኋላ ተቀምጬ አላውቅም። እንግዲህ የጋቢናው ቀበቶ የኔ ነው፤ በኔ ይጠበቃል።

እስከ መጨረሻው ሳብኩት። ጠርዙ የተተረተረ ክር እንዳለው በጣቴ ዳሰስኩ። የለም። በአንድ ጊዜ ነጠቅሁት፤ ቀጥ ብሎ ያዘ። ለቀቅሁት፤ ሳይጣመም ተመለሰ። ለብ ባለ ውሃና በገላ ሳሙና ጨርቅ ነክሬ ጠረግሁት። ሰ. በረኪና አምጥቶ ነበር፤ ጮህኩበት። በረኪና ክሩን ይበላዋል። ቀበቶ ላይ ላዩን አምሮ ውስጡ ከሞተ ምን ይሠራል? እስኪደርቅ ጥላ ቦታ ተዘርግቶ ይቆይ አልኩ። እሺ እማማ። እሺ እማማ። እሺ ማለት እንደሆነ ያውቅበታል።

ከዚያ ወደ ኋላው በር ሄድኩ። ሰውዬው ከየት እንደደረሰ! ባልዲውን ጥሎ በሩ ላይ ቆመ። የኋላውን እኔው እጨርሰዋለሁ፣ ይረፉ፣ ወገብዎን ያምዎታል አለ። ወገቤን አመመኝ ብዬ ነግሬው አላውቅም።

የኋላው ወንበር ላይ አንድ ነገር አለ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11። ማታ 12፡20

ክሩ ተነስቷል!

ደብተሬ፣ ተገልጠሻል። ሂሩት ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። ገጽ ስገልጥ ግን ስዕል አገኘሁ። በእርሳስ። መኪና ናት፣ ጎማዋ ከቤት ይተልቃል። ውስጧ አራት ሰው። ከፊት አንድ ወንድ፤ ደረቱ ላይ ጥቁር መስመር። ከጎኑ ነጠላ የለበሰች ሴትዮ፤ ደረቷ ላይ ጥቁር መስመር። እኔ ነኝ። ከኋላ ረጅም ሴት፣ መስመር የላትም። ከሷ ጎን ትንሽ ልጅ። መስመር የላትም። አፏ በቀይ እስክሪፕቶ ተነክቷል።

ጠየቅኋት። ምስጢር ነው አለችኝ፤ አባዬ ለአያትሽ አትንገሪ ብሏል። እሷም አልነገረችኝም፤ ሳለችልኝ።

ስዕሉን አልቀድደውም። እዚሁ አንቺ ውስጥ ይቆይ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ጠዋት 3፡00፣ ሱቅ

በዓይኔ አየሁ።

ከነሱ ቀድሜ ወጣሁ፤ ሱቅ እከፍታለሁ ብዬ ት/ቤቱ በር አጠገብ ካለች ሱቅ ዣንጥላ ይዤ ቆምኩ። መጡ። ኤልዳና የኋላው ወንበር ላይ ተንበርክካለች፤ ፊቷን ወደ ኋላ መስታወት አዙራ ከኋላ ላለው ታክሲ ሹፌር እጇን ታውለበልባለች። ሹፌሩም ያውለበልባል። የሚያስቀው ነገር ምኑ ነው? መኪናው ለአንዲት መንገድ ለምታቋርጥ ሴት ሲቆም ልጅቷ ተንገዳግዳ ከወንበሩ ወረደች። ተመልሳ ወጣች። ሳቀች።

ሰ. ግን ቀበቶውን አስሯል። ለራሱ አስሯል! ትራፊክ የሚያየው ፊተኛውን ነዋ። ትራፊክን የሚፈራውን ያህል ለልጁ አይፈራም? ይሄን ሰው እንደ ልጄ ነበር የማየው። ዛሬ ቢያገኘኝ ምን እንደምለው አላውቅም።

ዘሃራ ተረጋጊ ትለኛለች። ከራሱ አንደበት ስሚ፣ ምክንያት ይኖረዋል አለች። ልጅን ሳያስሩ መንዳት ምን ምክንያት አለው? ከሷም ጋር ተኳረፍን።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 13። ማታ 2፡00

ሂሩትን ኩሽና ውስጥ ያዝኳት። በሩን ዘጋሁ። ዥዋዥዌውን ተይው አልኳት። አለቀሰች።

ነገሩ እንዲህ ነው። አርብ ከሰዓት፣ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ። ከፊታቸው የነበረ ታክሲ ተሳፋሪ ሊያነሳ ቀጥ አለ። ሰ. ፍሬን ያዘ። ኤልዳና ከኋላ ተወርውራ የጋቢናውን ወንበር ጀርባ በአፏ መታችው። መኪና ከመኪና አልተነካካም፤ ሰውም አላየም። ሰ. ጥጉን ይዞ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ አለች።

ቢያለቅስስ! አልቅሶ ሲያበቃ በማግስቱ ለምን አላሰራትም? እንዲያው ለምን? ሂሩት እሱን ጠይቂው ትላለች። እሱ ክፉ አይደለም እማዬ ትላለች። የአይጥ ምስክሯ ድንቢጥ።

ቅዳሜ ሱቅ ያደርሰኛል፤ ኤልዳናም አብራ ትሄዳለች። ከኋላ እቀመጣለሁ። የደበቀውን በገዛ ዓይኔ አያለሁ። እሺ ካለ እሺ፣ እንቢ ካለ እዚያው ግቢ መሀል ጉዱን አወጣለታለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ጠዋት 3፡40፣ ሱቅ

እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። በተራ ልጻፈው።

ወረድን። ሰ. እንደ ልማዱ የጋቢናውን በር ከፈተ። ዛሬ ከኋላ ነኝ አልኩት። ደነገጠ። አይሆንም እማማ፣ እርስዎን ከኋላ አስቀምጬ ሰው ምን ይለኛል አለ። ሰው የሚለውን ተወው አልኩት። እግሬን አስቀድሜ ገባሁ። ኤልዳና ደስ ብሏት አጠገቤ ዘለለች። እሱ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ቀረ።

ቀበቶውን ሳብኩ። ጠመኔዬ እጄን አነጣው። በልጅቷ ደረት ላይ አሳልፌ የብረት ምላሱን ይዤ መቆለፊያውን ፈለግሁ። የለም። በግራ ዳሰስኩ፣ በቀኝ ዳሰስኩ። ወንበሩ ለጥ ያለ ነው። እንደ ሶፋ።

መቆለፊያውን ነቅሎ ሸጦታል ብዬ አሰብኩ። ደብተሬ፣ እውነቴን ነው፣ እሱን ነው ያሰብኩት።

ከዚያ ጣቴ ስፌቱን አገኘ። ቀይ ክር፣ ድርብ። በስፌቱ ሥር፣ ከስፖንጁ በታች፣ ድንጋይ የመሰለ ነገር አለ። ተጫንኩት። አጠገቡ ሌላ። ከዚያም ሌላ።

ሦስቱም መቆለፊያዎች እዚያው ናቸው። የቀበርኳቸው እኔ ነኝ።

በእጄ። እንዳይቆረቁራቸው ብዬ። ደንበኛ ሁሉ ያቺን የምትወጋ ነገር ደብቂልን ይላል፤ ኋላ አራት ሰው ነው የሚጫነው፣ የሚያስር የለም፣ ትራፊክም አይጠይቅም። እጄ ለምዶታል። ለኤልዳና መኪናም የለመደውን ሠራ። እያሰብኩ አልሠራሁትም። ነርሷ ስታስተምረኝም፣ ዘሃራን ስቆጣም፣ በልቤ ያለው የጋቢናው ቀበቶ ነው። የማስረው እሱን ነዋ።

ቀና ስል ሰ. መሪው ፊት ተቀምጦ በመስታወቱ ያየኛል። ዓይኑ ቀልቷል። ያለውን እንዳለ ልጻፈው፦ "እማማ፣ እርስዎ በእጅዎ ሰፍተው የመረቁልንን በምላጭ መቅደድ ከበደኝ። ዛሬ ነገ እነግርዎታለሁ ስል ልጄን አስመታኋት።"

ካርቶኑም ወጣ። የልጅ ወንበር ነው። ከተመታችበት ቀን ማግስት ገዝቶታል። መቆለፊያ ስለሌለ የሚያስርበት አጥቶ፣ ለኔም መናገር አፍሮ፣ አልጋ ሥር ከተተው። ትሰበራለች ያሉት ይሄን ነው። እኔ እንዳልሰበር ልጅቷ ሳትታሰር ሁለት ሳምንት ሄደች።

ተቆጣሁ። ይሉኝታ ከልጅ ይበልጣል ወይ ብዬ ጮህኩበት። መሀል ላይ ግን ተውኩት። ምክንያቱም ይሄ ሰው እንዲህ የሚፈራኝ ለምንድነው የሚለው መጣብኝ። በረኪና ይዞ ሲመጣ እንኳ ጮኼበታለሁ። ለዚህ ምላስ ማን ነው ስፌትሽ ጥፋት አለበት የሚል?

ከሰዓት 10፡00

ቀደድኩት።

ምላጩን ሰለሞን ሊይዝልኝ ፈለገ፤ አልሰጠሁትም። (ስሙን በሙሉ ጻፍኩት። ይገባዋል።) ዘሃራ ከአንድ ወገን፣ እኔ ከሌላው። ቀዩን ክር አንድ በአንድ ፈታሁት። ጠንካራ ስፌት ነው፤ ሲፈታ ያስቸግራል። ለመጀመሪያ ጊዜ በሥራዬ ጥንካሬ አዘንኩ።

ሦስቱ መቆለፊያዎች ወጡ። አፋቸው ውስጥ የስፖንጅ ብናኝ፣ አንዱ ውስጥ የቢስኩት ፍርፋሪ። ዘይት እናድርግበት አለ ሰለሞን፤ ዘይት አቧራ ይሰበስባል፣ ተው አልኩት። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት። አራግፈን፣ በቀጭን ብሩሽ ጠርገን ምላሱን አስገባን። የግራው ቀጭ አለ። የቀኙም። የመሀሉ ይገባል፣ ሲሳብ ግን ይለቃል። እንደዚህ ያለው ከሌለው ይብሳል፤ የታሰሩ ይመስላል። እሱ እስኪቀየር መሀል ላይ ማንም አይቀመጥም። ሌላ ቦታ ከተጋጨ መኪና የወጣ ርካሽ አለ ብሎን ነበር አንድ ጎረቤት፤ ሁላችንም በአንድ ድምፅ እንቢ አልን። ግጭት የቻለ ቀበቶ ሁለተኛ አይችልም።

የልጅ ወንበሩ ገባ። ኤልዳና ተቀመጠች። ላዩ ትከሻዋ ላይ፣ ታቹ ዳሌዋ ላይ። በሹራቧና በቀበቶው መሀል ጣቴን አስገብቼ ለካሁ፤ አልላላም። ቀጭ ሲል ሳቀች። ፍቺው፣ እንደገና አለች። አሥር ጊዜ አስደረገችን።

ዕቃዬን ስሰበስብ ነው ያየሁት። የጋቢናው ወንበር ጀርባ ላይ። የኔ ወንበር ጀርባ። ሌዘሩ ላይ ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች፣ ጎን ለጎን። በኤልዳና ፊት ቁመት ልክ።

ዘሃራ አይታኝ ኖሮ እትዬ ሙሉ፣ እሱን ቁራጭ እኔ እቀይረዋለሁ፣ የቀረ ሌዘር አለን አለችኝ። አይነካም አልኳት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17። ከቀኑ 7፡00፣ ሱቅ

ሁለት ቀን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። ያለበስኳቸው መኪናዎች። ስንት ናቸው? አላውቅም። ሁሉም እንደ ሶፋ ለጥ ያሉ።

ከየት ልጀምር? አቶ ጀማልን አስታወስኩ። ሦስት ልጆች አሉት፤ ባለፈው ክረምት ነው የሠራንለት። ስልክ አነሳሁ። አስቀመጥኩ። ሰው ሥራዋን ራሷ አበላሸች ቢል? ዘሃራ ትኩር ብላ ታየኛለች። ደወልኩ።

ደስ ብሎት ነው ያነሳው። የወንበሩ ልብስ እንዴት ተመቻችሁ አላልኩትም። ቀጥታ ነገርኩት፤ መቆለፊያዎቹን ቀብሬብሃለሁ፣ መኪናውን አምጣልኝ፣ በነጻ እከፍትልሃለሁ አልኩት። ከዚያ ያለውን ልጻፈው፦ "ወላሂ እትዬ ሙሉ፣ በወሰድኩት ሳምንት አይቼው ነበር። እንዳይከፋዎት ብዬ ነው።"

እንዳይከፋኝ ብሎ! ሦስት ልጆች!

ስልኩን ዘግቼ ዘሃራን አየኋት። ዘሃራ ዓይኗን ወደ ስፌት መኪናዋ መለሰች። አንቺስ ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። መቀሷን አስቀመጠች፣ አነሳች። ከረጅም ጊዜ በፊት አንድ ጊዜ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር አለች፤ አንቺ ግን ሥራ ልታስተምሪኝ ነው ወይ አልሽኝ። ማለቴንም አስታወስኩ።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ሁሉም ያውቃል፤ ያላወቅሁት እኔ ብቻ። ሰው ሁሉ የሚደብቀኝ ነገር አለ ብዬ ስጠረጥር ትክክል ነበርኩ። የሚደብቁኝ እኔኑ ነበር።

ይቅርታ ጠየቅኋት። አፌ አልለመደውም፤ ሁለቴ ጀምሬ በሦስተኛው ወጣ። ዘሃራ አለቀሰችብኝ። ከዚያ ሳቀችብኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 21። ጠዋት 1፡10

ዛሬ ማርያም ናት። ልደታ ማርያም ደርሼ ተሳልሜ ተመልሻለሁ። ሱቅ ሦስት መኪና ይጠብቀኛል። የአቶ ጀማል አንዱ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን እሱ ነው ያመጣልኝ። ትናንት ማታ ከዘሃራ ጋር የምናስታውሰውን ደንበኛ ሁሉ በስም ጻፍን። አንድ በአንድ እደውላለሁ። የሚቆጣ ይቆጣ። የሱቁ በር ላይም ትልቅ አድርጌ ለጥፌአለሁ፦ እዚህ ያለበሳችሁ ኑ፣ የቀበርነውን ቀበቶ እናውጣ። ትናንት አንድ ሰው አንብቦ ሳቀ። ከዚያ ተመልሶ መጣና መኪናውን አሳየኝ።

የመሀሉ መቆለፊያ ተቀይሯል። አዲስ ነው። ራሴ ጎትቼ ሞከርኩት።

ክሩን ዛሬ አላጋድምም። ማንም ቢገልጥሽ ይግለጥ።

ከታች ይጠሩኛል። በረንዳው ላይ ወጥቼ አየሁ። ሰለሞን የጋቢናውን በር ከፍቶ ቆሟል፤ ልማዱ ነው። ኤልዳና ከኋላ ታስራ ትጮሃለች፤ ሰው ሁሉ ቀጭ ሳይል መኪናው አይሄድም ብላ ሕግ አውጥታለች።

ጋቢናውን ለሂሩት ለቅቄአለሁ። ዛሬ እነግራቸዋለሁ፣ ክርክር የለም። የኔ ቦታ ከልጅቷ ጎን ነው። እዚያ ስቀመጥ እነዚያ ሁለት ትንንሽ ስንጥቆች ከፊቴ ይሆናሉ፤ በየቀኑ፣ እስከ ሜክሲኮ ድረስ። ይሁኑ። ልያቸው። ወረድኩ፣ እየጮኹብኝ ነው።